የተቆረጠው የከድር ዘፈን

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የጫማዬ ሶል መንገድ ላይ ተገነጠለብኝና ሳልወድ በግዴ መርካቶ ዱባይ ተራ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ እዚያ ግፊያ ውስጥ መግባት አልወድም። ሰው ገፍቶህ ሲያበቃ አንተኑ ገልመጥ አድርጎህ ያልፋል። ከአንድ ጫማ ቤት ደጃፍ ላይ ከተደረደረ ጥቁር ድምፅ ማጉያ ኦርጋን ሲጮህ ሰማሁና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። "ፋዘር፣ መንገድ! መንገድ!" ይላል ከኋላዬ ካርቶን የተሸከመ ሰው። መንቀሳቀስ አቃተኝ። ያንን ኦርጋን አውቀዋለሁ። ከሥሩ እየጎተተ የሚሄደውን ቤዝ ጊታር ደግሞ ከኦርጋኑ አብልጬ አውቀዋለሁ፤ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። አሁን ዘፋኙ ይገባል ብዬ ስጠብቅ፣ ሊገባ አየር ሲስብ እንኳ እየተሰማኝ፣ ቀጥ! "ሁለት ጫማ በአንድ ዋጋ! ግቡ፣ ማየት በነፃ ነው!" የሚል የተቀዳ ድምፅ ተተካበት። ከዚያ ኦርጋኑ እንደገና ከመጀመሪያው። ከዚያ ያቺ ትንፋሽ። ከዚያ "ሁለት ጫማ በአንድ ዋጋ!"

ሱቁ ውስጥ ገባሁና ሻጩን፣ "ዘፈኑን ለምን አታስጨርሰውም?" አልኩት።

"የቱን ዘፈን?"

"ይሄን አሁን የቆረጥከውን!"

"እኔ አልቆረጥኩትም ፋዘር። ስልክ ላይ ሲዞር እንዲሁ ነው ያገኘሁት።"

"የማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"የድሮ ነው መሰለኝ" አለኝና ዝቅ ብሎ እግሬን አየ። "ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?"

የድሮ ነው መሰለኝ! ደሜ ፈላ። ጫማ ሳልገዛ፣ የተገነጠለውን ሶል እየጎተትኩ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ እየተሳደብኩ ነበር፤ ሰዎች እያዩኝ ነበር፤ ይዩኝ። "የድሮ" የተባለው ሰው እኮ ከዚያ ጫማ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ፣ እዚሁ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ በሕይወት ቁጭ ብሏል። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ኖታ ይጽፋል። ከድር ይባላል። ኦርጋን፣ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ዋሽንት፣ ክራር ይጫወታል፤ ይዘፍናል፤ ድራመር ከቀረ ድራም ይመታል። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሙዚቀኛ አላየሁም። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነ አይደለም። ጓደኛነቱንማ እንዴት እንደያዝኩት እነግራችኋለሁ።

ሱሪ ከጉልበት በታች እየሰፋ መሬት የሚጠርግበት ዘመን ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ትከሻ ላይ ይደርሳል። ጸጉራችንን አጎፍረን፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሳችን ሰክተን፣ ወፍራም ሶል ባለው ጫማ ቁመታችንን አንድ ስንዝር ጨምረን ነበር የምንሄደው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ በአምስት ሳንቲም ደግሞ ዘይቱ እጅ ላይ የሚቀር ትኩስ ፓስቲ ይገኛል። ሲኒማ ቤት የፊት ወንበር ላይ አንገታችንን አንጋጠን አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ እናየዋለን። የከድር አባት፣ ጋሽ ይማም፣ ከወሎ የመጡ ሰው ነበሩ። እህል በረንዳ ብዙ ዘመን ጆንያ ተሸክመው ወገባቸው ሲጎብጥ፣ እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው የተቀደደ ጆንያ መስፋት ጀመሩ። የእኔ አባት ፊት ለፊታቸው ገመድና ሚዛን ይሸጥ ነበር። እኔና ከድር ያደግነው በጤፍ ብናኝ ውስጥ እያስነጠስን ነው። ልጅ ሆኖ ዋሽንት ይነፋል፤ ቀጥሎ ክራር ሠራ፤ ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ምናለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ግማሽ ቁልፎቹ የረገፉ ኦርጋን አገኘ። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። የጎደሉትን ቁልፎች ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ፣ ሽቦውን ከተሰበረ ሬዲዮ አውጥቶ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲታገል ከርሞ አንድ ቀን አጮኸው። ከታች በኩል ሁለቱ ቁልፎች እስከ መጨረሻው እንደ ታመመ በግ ያቃስቱ ነበር። እሱ ግን እነሱንም ዘፈን ውስጥ ያስገባቸዋል።

አንድ ቀን ከአንድ ሸክላ ሻጭ ቤት የሰማውን የፈረንጅ ሮክ ሊነግረኝ እየሮጠ መጣ። "ሳህሌ፣ አንድ ዘፈን ነው፤ የሸክላውን አንድ ጎን ሙሉ ይዞታል! መሐሉ ላይ ይቆማል፣ ይለወጣል፣ ሌላ ዘፈን ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል። ይቻላል ማለት ነው እኮ!" ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭር ዘፈን አልሆንለት አለ። በዓመቱ ገደማ "የአባቴ ጀርባ" የሚለውን ሠራ። አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አራት ክፍል ያለው ዘፈን። የመጀመሪያው ክፍል ኦርጋንና የእኔ ቤዝ ብቻ ነው፤ እንደ ሌላው ዘፈን እስከ አራት ሳይሆን እስከ ሰባት ቆጥረን ነበር የምንመለሰው፤ ምክንያቱም አባቱ ይሠሩበት በነበረው መጋዘን ከጭነት መኪናው እስከ ሚዛኑ ሰባት እርምጃ ነበር። በሁለተኛው ከድር አባቱን በስማቸው እየጠራ ያናግራቸዋል። ሦስተኛው ጭነቱ ተራግፎ ካለቀ በኋላ ያለው ደስታ ነው፤ ኦርጋኑ ይፈነጥዛል፣ ከድር ይዘፍናል፣ ሳክስፎኑ ይጮኻል። አራተኛው ዋሽንት ብቻ። ከምሳ በኋላ፣ ተሸካሚዎቹ ጆንያ ላይ ጋደም በሚሉበት ሰዓት፣ መጋዘኑ ጀርባ እንለማመድ ነበር። ከተጋደሙት መሐል አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ተነስተው ተቀመጡና እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስንጨርስ፣ "ይሄ ሰው ተሸክሞ ያውቃል" አሉ። ለከድር ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሰርተፊኬት ሁሉ ያቺን ቃል አያክልም።

ሳክስፎንና ድራም የሚጫወቱ ልጆች ጨምረን፣ ባንድ ሆነን ሆቴል ቤት ስንጫወተው ግን ሌላ ነበር። ሰው ሊጨፍር ነው የመጣው። እስከ ሰባት ተቆጥሮ በሚመለስ ዘፈን እንዴት ብሎ ይጨፍር? አንዱ ሰካራም፣ "ወንድሜ፣ ስትጨርስ ቀስቅሰኝ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ሥር ቆሞ ሰዓቱን በጣቱ ይመታል። ከድር ዓይኑን ጨፍኖ ይቀጥላል። እኔ ግን አፍር ነበር። ይህንን መካድ አልችልም፤ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሲስቅብን፣ ከጊታሬ ኋላ ብደበቅ እወድ ነበር።

በኋላ አቶ በለጠ የሚባሉ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ካሴት እናውጣላችሁ አሉን። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሙሉውን ዘፈን በአንድ ከሰዓት ቀዳነው። ከድር ሁለተኛውን ክፍል ሲዘፍን ቀጂው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር። እንዲያ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አልሰማሁም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ይማም ዘመድ ሊጠይቁ ወሎ ወርደው እዚያው አረፉ። ከድር ለለቅሶ ሄደ። እሱ በሄደ በአምስተኛው ቀን አቶ በለጠ አስጠሩኝ።

"ሳህሌ፣ አንተ አስተዋይ ነህ" አሉኝ፣ ወንበር ስበው እያስቀመጡኝ። "አንዱን ጎን ሙሉ አንድ ዘፈን ማን ይገዛናል? የሚያስጨፍረውን ቦታ ብቻ እናውጣው። የቱ ጋ ነው የሚጀምረው? ለእኔ አይለይልኝም፤ ለአንተ ይለይልሃል።"

"ከድር ይምጣና..."

"ከድር ሐዘን ላይ ነው። አንተ እኮ በሚቀጥለው ወር ሠርግህ ነው። ለሠርግህ አይደርስልህም?"

ለሠርግህ አይደርስልህም! የሚስቴ ዘመዶች ሙዚቀኛ ነው ብለው ንቀውኝ ነበር። ፎቶዬ ካሴት ላይ ወጥቶ፣ ዘፈኑ በየሻይ ቤቱ ተከፍቶ ቢሰሙት ብዬ አሰብኩ። ቴፑ ይዞር ጀመር። ሦስተኛው ክፍል ሊጀምር ሲል እጄን አነሳሁ። "እዚህ ጋ" አልኩ። መጨረሻውንም አሳየሁ። ቀጂው በምላጭ ቆረጠው። የተቆረጠው ቡናማ የቴፕ ክር እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጋሽ ይማም፣ ሰባቱ እርምጃ፣ ዋሽንቱ፣ ሁሉም። ከመውጣቴ በፊት ጠራጊዋ በመጥረጊያ ሰብስባ ስትወስደው አይቻለሁ። ዝም ብዬ ነው ያየሁት።

ከድር ከለቅሶ ሲመለስ ዘፈኑን የሰማው ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ነው። ሻንጣውን እንኳ ቤቱ ሳያደርስ ወደ እኔ መጣ። "ማነው የቆረጠው?" አለኝ።

"በለጠ ነው" አልኩት።

"አንተ የት ነበርክ?"

"አልሰማሁም። እኔም እንዳንተው ከካሴቱ ነው የሰማሁት።"

አመነኝ። ሻንጣውን አነሳና ሄደ።

ያች ሦስት ደቂቃ ተኩል አገሩን አጥለቀለቀችው። ከድርም በሄደበት ሁሉ እሷን ብቻ ይጠየቅ ጀመር። ሌሎች ሙዚቃ ቤቶች ደጅ ጠኑት፤ ሁሉንም መለሳቸው፤ "እኔ በሌለሁበት የሚቆርጥ ሰው እጅ ሥራዬን አልሰጥም" ይል ነበር። ዘመኑም እየከበደ መጣ። ከመሸ መውጣት ቀረ፤ ቀጥሎ የቀበሌ ኪነት መጣና ከድር በሰልፍ ዘፈን መሐል ዋሽንት እየነፋ ከረመ። ሱሪው ጠበበ፣ ጸጉሩ አጠረ፣ ባንዱ ተበተነ። ኪቦርድ የሚባል መጣና አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆነ፤ ከድር የሰው ሠርግ ላይ ኪቦርድ መታ። በቀን ልጆች ያስተምራል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ረጅም ረጅም ዘፈኖቹን መጻፍ አላቆመም። አልጋው ሥር አንድ የብረት ሳጥን አለ፤ ሙሉ በሙሉ ኖታ ነው። አንዱም አልተቀዳም። እኔ ጊታሬን ሰቅዬ ክርና አዝራር መሸጥ ያዝኩ። ሰው ስለ ከድር ሲጠይቀኝ፣ "ያ በለጠ የሚባል ሌባ ነው ያበላሸው!" እል ነበር። ስለው ስለው፣ ንዴቱ እውነተኛ ሆነልኝ። በለጠን ከልቤ ጠላሁት። ሲሞት እንኳ ቀብሩ አልሄድኩም።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ሶሌን እየጎተትኩ፣ ከዱባይ ተራ በቀጥታ ከድር ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዘይነብ በሩን ከፈተችልኝ። የሰማሁትን እየጮህኩ ነገርኩት። ሳቀ። "ጫማውን ግን ገዛህ?" አለኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ነጭ ፖስታ አቀበለኝ። የጥሪ ወረቀት ነው፤ የድሮ ሙዚቀኞችን የሚያከብር ዝግጅት ላይ ሊያመሰግኑት ነው። ሊድያ የምትባል የዝግጅቱ አስተባባሪ ራሷ መጥታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ካባ፣ ሰርተፊኬት። ዘፈኑ ከካሴቱ ይከፈታል፤ እሱ ማይክ ይዞ አፉን ያንቀሳቅሳል።

"አንተ? ሁሉንም መሣሪያ የምትጫወት ሰው አፍህን ልታንቀሳቅስ?"

"ሰዓት የለም አሉኝ። ሦስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ።"

"እምቢ በላቸዋ!"

"ዘይነብ ካባውን ማየት ትፈልጋለች" አለኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ዘይነብ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ከፊታችን ያሉት ትልልቅ ሰዎች ስልካቸውን ሲነካኩ፣ ንግግር አድራጊው የከድርን ስም "ካሊድ" ብሎ ጠርቶ ከወረቀቱ ላይ አረመ። ካባውን አለበሱት። ኦርጋኑ ጀመረ። ከድር ማይኩን ይዞ ቆመ። አፉን ግን አልከፈተም። የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ድምፁ ከጣሪያው ሥር ሲዘፍን፣ ሽማግሌው ከንፈሩን ገጥሞ ዝም ብሎ ሰዉን ያያል። ሰው ግን ያጨበጭባል! ልብ ያለው የለም! ያን ጊዜ ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም፤ ተነስቼ ቆምኩ።

"ዝጉት!" ብዬ ጮህኩ። "ይሄ ሰው በሕይወት አለ! ኦርጋን አምጡለት! ይሄ ዘፈን የተቆረጠ ነው፤ ቆርጠው የጣሉት ከዚህ ይበልጣል! ትናንት በለጠ ቆረጠው፣ ዛሬ እናንተ ትቆርጡታላችሁ! አታፍሩም?"

ሊድያ ጎንበስ ብላ በወንበሮቹ መሐል መጣች። "ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ፕሮግራሙ በቀጥታ እየተላለፈ ነው።"

"ይተላለፍ! ይስሙኝ!"

ሁለት ጎረምሳ ጥበቃዎች ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ከኋላ ያሉ ወጣቶች አጨበጨቡልኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ኮራሁ።

ከድር ወዲያው ተከትሎኝ ወጣ። ካባውን ለዘይነብ ሰጣት፤ እሷ በታክሲ ሄደች፤ እኛ በእግራችን ቁልቁል ወደ መርካቶ ወረድን። አትክልት ተራን ስናልፍ ጭቃው ላይ የተረገጠ ቲማቲም ያንሸራትታል፤ ክንዴን ደግፎ ይዞኝ ነበር። "ሳህሌ፣ አላህ ይስጥህ" አለኝ። "በዚህ ሁሉ ዘመን ለዚያ ዘፈን የተቆጣልኝ አንተ ብቻ ነህ።"

የያዘኝ እጁ አቃጠለኝ። እንዲያ ባይለኝ ኖሮ ምስጢሩን ይዤው እሞት ነበር ብዬ አምናለሁ።

"በለጠ አይደለም" አልኩት። "የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ብዬ እጄን አነሳሁ። ቆሜ እያየሁ ነው የተቆረጠው።"

ክንዴን ለቀቀኝ። ሽንኩርት የጫነ ጋሪ በመሐላችን አለፈ። እኔ መናገሬን አላቆምኩም፤ ስለ ሠርጌ፣ ስለ አማቾቼ፣ በለጠ እንዴት እንዳባበለኝ፣ ሰው እንዴት ይስቅብን እንደነበር፤ እየጮህኩ ነበር፣ እንደገና ተቆጥቼ ነበር።

"ስለ በለጠ አልጠየቅኩህም" አለኝ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ያኔ ብትነግረኝ በሳምንቱ እንደገና እቀዳው ነበር! ድምፄ ነበረኝ! በለጠን ሌባ ብዬ፣ ሙዚቃ ቤት ሁሉ እንደሱ ነው ብዬ፣ የመጣውን ሁሉ መለስኩ። አንተ አዝራር ቤትህ ተቀምጠህ ስመልሳቸው ታያለህ። በየዓመቱ ታያለህ! ያ ሳጥን ሙሉ ኖታ ሳይቀዳ የቀረው በምን ምክንያት ይመስልሃል?"

ሽንኩርት የሚያራግፉት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። ከድር ጥሎኝ ሄደ። አካሄዱ እንደ አባቱ ወደ ፊት አጎንብሷል።

እኔም ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ። ዕድሜ ልኬን በበለጠ፣ በሰካራሙ፣ በጫማ ሻጩ፣ በሊድያ ስናደድ ኖሬ፣ አሁን የሚናደዱበት ሰው ሁሉ አለቀብኝ። ስልክ ብደውል አያነሳም። ቤቱ ብሄድ ዘይነብ፣ "ተኝቷል" ትለኛለች፤ ከውስጥ ግን ኪቦርዱ ይሰማኛል።

ወር ከምናምን በኋላ ዘይነብ አዝራር ቤቴ መጣች። ቆማ ነው ያናገረችኝ። "ከድር ይጠራሃል። ቤዝህን ይዘህ ና ብሏል።"

"ይቅር አለኝ?"

"እሱን አላለም" አለችኝ። "ቤዝህን ይዘህ ና ነው ያለው።"

አዲስ የጊታር ክር ገዝቼ፣ ከግድግዳ ያወረድኩትን ጊታር አቧራውን ጠርጌ ሄድኩ። ከድር ኪቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ሰላም አላለኝም። በርጩማውን በአገጩ አሳየኝ፤ ተቀመጥኩ። እኔ ሞኙ፣ ደስ ይለዋል ብዬ የ"አባቴ ጀርባ"ን መነሻ መምታት ጀመርኩ። እጁን አነሳ።

"እሱን አይደለም። እሱ አለቀ። ይሄ አዲስ ነው።"

በእርሳስ የተጻፈ ብዙ ቅጠል ኖታ ፊቴ አስቀመጠ። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ "ተጫወተው" አለኝ። እስከ አሥራ አንድ ይቆጠራል። ጀመርን። ድምፁ እንደዚያን ጊዜው አይደለም፤ የማይደርስበት ቦታ ሲመጣ ቃሉን እንደ ወሬ ይናገረዋል፤ ሲናገረው ደግሞ ይብሳል። ጣቶቼ ከብዙ ዓመት በኋላ ክር ነክተው ተላጡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

"ስድስት ላይ ቸኮልክ" አለኝ።

"ይቅርታ" አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አትክልት ተራ ላይ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ይህችን አንዲት ቃል አላልኩትም ነበር። ከድርም ሰምቷታል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱ አልፈታም። ከዚያ ኖታውን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለበጠው።

"እንደገና" አለኝ።